ለብ ያለ ውሃ

ደክሞኛል። ይህን ቃል ሰው ፊት ስናገር ሁሉም «አይዞሽ» ይለኛል። አይዞሽ አልጋ አያነጥፍም፤ አንሶላ አያጥብም፤ እናቴን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት አያነሳልኝም። ስለዚህ ቃሉን ከተውኩት ቆየሁ። አሁን ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደህና» ብዬ ዋሽቼ አልፋለሁ።

እናቴ እግሯ ከከዳት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ቤት የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምበት ማድ ቤት። ገና ሳይነጋ እነሳለሁ። አጥባታለሁ፣ ልብሷን እቀይራለሁ፣ ሾርባዋን በማንኪያ አጠጣታለሁ፤ ውሃና ስልክ አጠገቧ አስቀምጬ በሩን ቆልፌባት ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። የሦስተኛ ክፍል የንባብ አስተማሪ ነኝ። ሃምሳ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሃምሳ ሁለቱም አፋቸው አያርፍም። ስመለስ እግሬ ከጫማዬ አልወጣም ይላል፤ እናቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችውን ወሬ ይዛ ትጠብቀኛለች።

ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ወድቃ አገኘኋት። በሁለተኛው ቀን ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ወለሉ ላይ ነበረች። ስልኩ አልጋው ላይ፣ እሷ አልጋው ሥር። በሩን ከፍቼ ስጮህ፣ «ምን ያስጮህሻል? ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ነው» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ናት። ቤቱ ቢፈርስ «አየር ገባልን» የምትል ሴት ናት።

ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ የምንለው፣ የሚኖረው ሩቅ ከተማ ነው። ከሩቅ የሚኖር ልጅ ሁልጊዜ ብልህ ነው፤ በስልክ የማይፈታው ችግር የለም። ይህንንም ፈታው። የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ፈልጎ አገኘ፤ አልጋ አስያዘ። «አርብ ጠዋት ጸሐፊያቸው ቅጽ ይዞ ይመጣል። እማዬ ፈቅጄ ነው የምገባው ብላ በጣቷ ታትማለች። ቅዳሜ መኪና ይወስዳታል። አንቺም ሰው ትሆኛለሽ» አለኝ።

ሰዎች «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ብለው ሲመርቋት እናቴ እኔን በአገጯ እያሳየች፣ «አሜን፤ ጧሪዋስ ይችውላችሁ» ትል ነበር። ጧሪዋ እኔ «እሺ» አልኩት። አልዋሽም፤ እሺ ስል መጀመሪያ የታየችኝ እናቴ አይደለችም። የታየኝ እንቅልፍ ነው። ቅዳሜ በሩን ዘግቼ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ እስከ እሑድ ቀትር የምተኛው እንቅልፍ።

ለእሷ ስነግራት እያፈርኩ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ሰፊው ግቢ፣ ስለ ነርሶቹ፣ ስለ ተሽከርካሪ ወንበሩ አወራሁላት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣

«እንዳላችሁ» አለች።

ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ብትሰድበኝም። ትንሽ ቆይታ ግን፣

«ከመሄዴ በፊት ያቺን ለስላሳ ዳቦ ልብላ። አንቺ ጋግሪልኝ» አለች።

ያቺ ዳቦ የልጅነታችን ዳቦ ናት። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ እንደተመለሰች ትጋግራት ነበር። ትንንሽ፣ ክብ፣ ትሪው ላይ ተጠጋግተው የሚበስሉ፤ አንዱን ከሌላው ስትገነጥዪ ጎኑ እንደ ጥጥ የሚሳብ። ጥርስ አያስፈልጋቸውም፤ ለዚህም ይመስለኛል አሁን ያስታወሰቻቸው። እኔ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ስሄድ ጋገራውን ተወችው። «ለማን ብዬ?» አለች፤ እኔም አመንኳት።

«እማዬ፣ እኔ ዳቦ የት አውቃለሁ?»

«አሳይሻለሁ። ያንቺ እጅ የሚያውቀው ጠመኔ ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ ሌላ ነጭ ዱቄት ይልመድ።»

ሰኞ ማታ ልሞት ስደርስ የመጀመሪያውን ጋገርን። ጋገርን ያልኩት እሷ ማድ ቤቱ በር ላይ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስለምታዝ ነው። አዛዥና ታዛዥ ሆነን ግማሽ ኪሎ ዱቄት ነፋን፤ ስኳር፣ አንድ እንቁላል፣ በክፍሉ ሙቀት የለሰለሰ ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው አዘጋጀን። እርሾውን ከእሽጉ በማንኪያ ሰፈርኩ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ትልቅ ምስጢር እንደሚነግር ሰው፣

«ነገሩ ሁሉ ያለው ውሃው ላይ ነው» አለችኝ። «ቀዝቃዛ ከሆነ እርሾው ይተኛል። ትኩስ ከሆነ ይሞታል። ለብ ያለ መሆን አለበት።»

«ይተኛል?» አልኩ። «ታድሎ!»

ከት ብላ ሳቀች። ወተትና ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ቀላቅዬ ጭኗ ላይ ባለው ትሪ አስቀመጥኩላት። ሌባ ጣቷን ነከረች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደሚያዳምጥ ሰው ቆየች።

«ቀዝቃዛ ነው። ጨምሪበት።»

ከማንቆርቆሪያው ጨመርኩ። ነከረች።

«ገና ነው።»

ጨመርኩ። በሦስተኛው፣ «እህ፤ አሁን ለብ አለ» አለች። ከሳህኑ እንፋሎት እየወጣ ነበር። እንፋሎት የሚያወጣ ነገር ለብ ያለ ይባላል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። የዳቦ ሊቅ ፊት ዳቦ የማያውቅ ሰው ምን አፍ አለው?

ሊጡን አሸሁት። ጨርቅ አልብሼ አንድ ሰዓት ጠበቅኩት። ጨርቁን ሳነሳ ያስቀመጥኩት ያው እንደተቀመጠ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። «ኦቭኑ ውስጥ ሲገባ ኩፍ ይላል» አለች፤ ኦቭኑ ውስጥም አላለም። አሥራ ሁለት ድንጋይ ሆኖ ወጣ። አንዱ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲያርፍ የታች ቤት ተከራይ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን አንኳኳ። እናቴ አንዷን ወተት ውስጥ ነክራ ግማሽ ሰዓት ስትመጥጣት ቆየችና፣ «ጣዕሙስ አለ» አለች። ይህች ሴት ሰውን ለማጽናናት የማትለው ነገር የለም።

ጥፋቱን እርሾው ላይ አደረግን። «አሮጌ ሸጠውልሽ ነው» አለች። ማክሰኞ የአስተማሪዎች ስብሰባ ነበረብኝ። ረቡዕ አዲስ እርሾ ገዝቼ፣ የሃምሳ ሁለት ልጆች ደብተር ተሸክሜ ገባሁ። ደብተሩን ሳላርም ሊጥ ጀመርኩ። ያው ሆነ፤ ሳህኑን ጭኗ ላይ፣ ጣቷን ውሃው ውስጥ፣ «ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ እህ፣ አሁን ለብ አለ»። ሊጡ ትንሽ የተነፋ መሰለኝ፤ ምናልባት ምኞቴ ነው የነፋው። የወጣው ዳቦ ከሰኞው ከእጅ አይሻል ዶማ ነበር። በቢላ ስነካው ኳ አለ።

በዚያው ሰዓት ወንድም ጋሼ ደወለ። ነገርኩት።

«ዳቦ ቤት የለም እንዴ እዛ ሰፈር? ገዝተሽ ስጫት በቃ። ለማይረባ ነገር ራስሽን አትግደዪ።»

ስልኩን ዘጋሁበት። የተናደድኩት በእሱ ነው፤ የወረደው ግን እናቴ ላይ ነው። ትሪውን ገንዳው ውስጥ ወረወርኩትና፣

«ሁለት ቀን ነው የቀረሽ! እሱንም በዳቦ ትገድዪኛለሽ?» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ለእናቴ ተናገርኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መልሼ ልውጠው ፈለግሁ፤ የወጣ ቃል ግን ምን ይመልሰዋል?

«ልክ ነሽ» አለች ቀስ ብላ። «ደክሞሻል። ተይው በቃ ልጄ፣ ዳቦው ይቅር።»

አልጋዋ ላይ ሳስተኛት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ራትም አልበላችም። እኔም አልበላሁ። ያን ያህል በራሴ አፍሬ አላውቅም፤ ያም ሆኖ ትራሱን እንደነካሁ ተኛሁ። ድካም ኅሊና እንኳን አያከብርም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ሱቅ ገባሁና ዱቄት፣ ወተት፣ እንደገናም አዲስ እርሾ ገዛሁ። ፍቅር ነው ብዬ ላሞካሸው አልችልም፤ አብዛኛው እልህ ነው። ሃምሳ ሁለት ልጅ ማንበብ ያስተማርኩ ሴት በእፍኝ ሊጥ ልሸነፍ?

«ለምን ገዛሽ? ተይው አላልኩሽም?» አለች እናቴ።

«ዝም ብለሽ እዘዢኝ።»

ወንበሯን ማድ ቤቱ በር ላይ አመጣሁ። ሳህኑን አስቀመጥኩላት። ጣቷን ነከረች። በመስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ይገባ ስለነበር ሁሉ ነገር ወለል ብሎ ይታያል።

«ጨምሪበት።»

ማንቆርቆሪያው ገና ከእሳት መውረዱ ነው። ስጨምር ከሳህኑ የተረጨው ውሃ የእጄ አንጓ ላይ አረፈ። ጮህኩ። ማንቆርቆሪያውን ጥዬ ቧንቧ ከፍቼ እጄን ከሥሩ አደረግሁ፤ እየነፋሁ፣ እየተራገምኩ ዘወር ስል የእናቴ ጣት አሁንም ሳህኑ ውስጥ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ያው ውሃ ውስጥ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እንደ ወትሮው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች።

«እህ» አለች። «አሁን ለብ አለ።»

ሮጬ እጇን አወጣሁት። ጣቷ እስከ ግማሹ ቲማቲም መስሏል።

«እማዬ! አያቃጥልሽም?»

«ምኑ?»

«ውሃው ነዋ!»

ጣቷን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ ከእጄ ስባ ቀሚሷ ሥር ደበቀችው፤ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ልጅ እንደሚያደርገው። በመጨረሻ፣

«ዛሬ ይሰማኝ ይሆናል እያልኩ ነው» አለች።

እናቴ ሃያ ስምንት ዓመት ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። ማሽን ሳይገባ በፊት በእጅ፣ ማሽን ከገባም በኋላ ማሽኑ እምቢ ያለውን እድፍ በእጅ። የፈላ ውሃ፣ ሶዳ፣ በረኪና። ይህን ሁልጊዜም አውቃለሁ፤ በዚያ ውሃ ነው ያስተማረችኝ። የማላውቀው ውሃው ምን እንደወሰደባት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንጃ። አንቺ ገና ትምህርት ቤት ሳትገቢ ይመስለኛል። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ደነዘዘ። ከዚያ እስከ መዳፌ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ለአለቃዬ? እጁ የማይሰማው ሰው ጨርቅ ያቃጥላል ብላ በማግሥቱ ታባርረኝ ነበር። ለእናንተስ ብናገር? ምን ልታደርጉ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። ጣቷን ቀዝቃዛ ውሃ ባለው ኩባያ ውስጥ ነክሬ ያዝኩላት። እንደማይሰማት አሁን ባውቅም ያዝኩላት።

«ታዲያ ዱሮ እንዴት ትጋግሪ ነበር? ያ ሁሉ ዳቦ እንዴት ኩፍ ይል ነበር?»

እናቴን ጥያቄው ገረማት።

«አንቺ ነበርሽ እኮ» አለች። «ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። ሌላ ነገር ነበር የመሰለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጨዋታ መሀል ትጠራኛለች፤ ወንድም ጋሼን ሳይሆን እኔን። «ነይ፣ ጣትሽን አግቢ» ትለኛለች። አገባለሁ። «አቃጠለሽ?» «አላቃጠለኝም።» «ቀዘቀዘሽ?» «አልቀዘቀዘኝም።» «እንግዲያው ለብ ብሏል፤ ተባረኪ፣ ሂጂ ተጫወቺ።» ለልጅ እንደሚደረግ ማቆላመጥ ነበር የመሰለኝ፤ ሥራ ያገዘ እንዲመስለው ልጅን ማንኪያ እንደማስያዝ። ወንድም ጋሼ ላይ እንዴት እኮራበት እንደነበር! «ያለ እኔ ዳቦው አይነፋም» እለው ነበር፤ እሱም ይስቅብኛል። ለካ እውነቴን ነው።

«ማሠልጠኛ ስሄድ የተውሽው ለዚህ ነው?»

«አንድ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ድንጋይ ሆነብኝ። ሰኞ እንደሠራነው።» ፈገግ አለች። «ጎረቤት ጠርቼ ጣትሽን አግቢልኝ ልበል? ሴትዮዋ አበደች ይሉኛል።»

አንጀቴን በላችው። ሰኞና ረቡዕ፣ ያ ሁሉ «ጨምሪበት»፣ ምንም ሳይሰማት፣ እኔ ፊት እንዳታፍር እየገመተች ነበር። እኔ ደግሞ ትሪ ወረወርኩባት። ጉልበቷ ላይ ግንባሬን አድርጌ አለቀስኩ፤ እሷም በዚያ በደነዘዘ እጇ ፀጉሬን ዳሰሰችው። ፀጉሬ ይሰማት አይሰማት አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም።

«በይ ተነሺ» አለች በኋላ። «ሊጥ በለቅሶ አይቦካም።»

ውሃውን ደፍቼ ሌላ አዘጋጀሁ። ጣቴን ነከርኩ።

«አቃጠለሽ?» አለችኝ።

«አላቃጠለኝም።»

«ቀዘቀዘሽ?»

«አልቀዘቀዘኝም።»

«እንግዲያው ለብ ብሏል።»

ስኳሩንና እርሾውን ስጨምር ውሃው ላይ ትንሽ ቆይቶ አረፋ ወጣ፤ ሰኞም ረቡዕም ያላየሁት አረፋ። ዱቄቱን ጨመርኩ፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን፣ ጨውን በመጨረሻ። «በመዳፍሽ ተረከዝ ግፊው፣ እጠፊው፣ አዙሪው» እያለች አሥር ደቂቃ አሸሁት፤ መጀመሪያ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አስቸገረኝ፣ ዱቄት ልጨምር ስል «ተይ፤ ዱቄት የጠገበ ሊጥ ዳቦው ይደርቃል፣ ታገሺው» አለችኝ። ታገሥኩት። እየቆየ ለስልሶ ከእጄ ለቀቀ። ጨርቅ አልብሼው ደብተር ማረም ጀመርኩ። ሃያኛው ደብተር ላይ ስደርስ እናቴ «አሁን እዪው» አለችኝ። ጨርቁ ጉብ ብሏል።

አየሩን አስወጥቼ አሥራ ሁለት ቦታ ቆራረጥኩት፤ አንድ በአንድ መዳፌ ሥር አድቦልቡዬ ትሪው ላይ ደረደርኩ። «ራቅ ራቅ አታድርጊያቸው፤ ሲነፉ ይነካኩ። ጎናቸው የሚለሰልሰው ሲጠጋጉ ነው» አለች። ድጋሚ ኩፍ እስኪል ጠብቀን ኦቭን ውስጥ ከተትኩት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አናታቸው ቀላ። ትኩሱ ላይ ቅቤ ቀባሁት።

አንዱን ስገነጥል ተሳበልኝ። እናቴ ድድና ድዷ መሀል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ተኩል በላች። ሁለት ተኩል! ሾርባ በልመና የምትጠጣ ሴት። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ወደ አፌ አስጠጋችው።

«ብዪ። ስንት ጊዜዬ ነው ተቀምጠሽ ስትበዪ ካየሁሽ። ከስተሻል።»

ተቀምጬ በላሁ። አራት በላሁ።

«እኔ ስሄድ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋግሪ» አለች። «አሁን ቻልሽ። ብቻዬን ነኝ ብለሽ ሳትበዪ አትደሪ። እኔ የዳቦውን ነገር ያነሳሁት ለእሱ ነው እንጂ እኔማ ምን ጥርስ አለኝ።»

ያኔ እንኳን ሐሳቤን አልለወጥኩም። እውነቱን መናገር አለብኝ። ዳቦ ስለተነፋ ወገቤ አልዳነም። ነገም ተሸክሜ ማንሳት፣ ነገም ቆልፌባት መሄድ፣ ነገም ወለል ላይ ማግኘት አለ። መጦሪያ ቤት ነርስ አለ፤ የሚያነሷት ሁለት ሰዎች አሉ። ልብሷን በሻንጣ አጣጥፌ አስቀመጥኩ። ሹራቦቿን ከላይ አደረግሁ፤ እሷም ከአልጋዋ ሆና «ግራጫውን ተይው፣ አንቺ ልበሺው» አለችኝ።

አርብ ጠዋት ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። ጸሐፊው በሰዓቱ መጣ፤ ወጣት፣ ትሁት፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። እናቴ ኮሌታውን አይታ «ማን ነው የሚያጥብልህ? ጎበዝ ነው» አለችው። ከትናንቱ ዳቦ አቀረብኩለት። አንድ በላ፤ ሁለተኛውን ሳንለምነው አነሳ።

«ከየት ነው የተገዛው?»

«ልጄ ናት የጋገረችው» አለች እናቴ፣ ቀና ብላ።

ቅጹን አወጣ። ቀስ እያለ ሁሉንም አነበበላት፤ በፈቃዷ እንደምትገባ፣ ማንም እንዳላስገደዳት። «ገብቶዎታል እማማ?» አላት። «ገብቶኛል» አለች። የቀለም ሳጥኑን ከፈተ። እናቴ ፊርማ አታውቅም፤ ደመወዟንም ስትቀበል የኖረችው በአውራ ጣቷ እየታተመች ነው። ጣቷን ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነው፤ ወረቀቱ ላይ ጫነው፤ አነሳው።

ወረቀቱ ላይ የቀረው ጥቁር ክብ ነው። መሥመር የለውም። ደፍ እንዳለ የቀለም ጠብታ፣ ልሙጥ።

«ትንሽ ጠንከር ያድርጉት እማማ።»

ደገመው። ልሙጥ። የግራዋን አመጣ። ልሙጥ። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ የእናቴንም ጣት አገላብጦ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በዚያ ዘመን የደመወዝ መዝገቡን ማንም አይመረምርም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት የፈላ ውሃ ስሜቷን ብቻ አይደለም የወሰደው።

«ይቅርታ» አለች እናቴ፣ ያጠፋች ይመስል።

«ኧረ ምንም አይደለም። ልጅዎ በእርስዎ ፈንታ ይፈርማሉ፤ ያው ነው። እኔ ምክንያቱን ልጻፍና…» ከቅጹ ግርጌ፣ ማስታወሻ በሚለው ቦታ፣ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። «እዚህ ጋ፣ ከሥሩ።»

«ፈርሚ ልጄ» አለች እናቴ። «ሰውየው ሥራ አለው።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ልጀምር ስል፣

«ምን ብሎ ነው የጻፈው?» አለችኝ። ወረቀት ባየች ቁጥር ዕድሜ ልኳን የምትጠይቀኝ ጥያቄ ነው፤ የመብራት ደረሰኝ ይሁን የመድኃኒት ማዘዣ።

«አልወጣም» ብዬ አነበብኩላት።

የሦስተኛ ክፍል ልጆችን በየዓመቱ የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ፊደሉ አንድ፣ ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ። «ጣ»ን ካጠበቅሽው ያልወጣው አሻራው ነው። ካላላሽው የምትናገረው እናቴ ራሷ ናት፤ ከዚህ ቤት አልወጣም ትላለች። ጸሐፊው የጻፈው የመጀመሪያውን ነው። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር፤ ምላሴ አላጠበቀውም።

እናቴ ጸሐፊውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ድንጋጤ ነበር። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ እሱ እንዳይሰማት በሹክሹክታ፣

«ማን ነገረው?» አለችኝ።

እስክሪብቶውን ከድኜ ለጸሐፊው መለስኩለት።